ቤት የሚገዛ ሥራ

መስከረም 14

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ስሙን ካልጠሩት ዝም ይላል። አምላክ የሰው አገር መንገድ ለእግርሽ ያለስልስልሽ።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። እጁም የእኔ ነው፣ ስህተቱም የእኔ ነው። በአርባ ሰባት ዓመቴ ፊደል መቁጠር ጀምሬ ባለፈው ሳምንት፣ በሃምሳ አራት ዓመቴ፣ የስምንተኛ ክፍል ወረቀቴን ተቀበልኩ። አባትሽ ሰምቶ «እቴቴ፣ እንግዲህ ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። እንኳን ደስ አለሽ ለማለት አፉ ከበደው። እኔ ግን ምን እንደማደርግበት አውቃለሁ። ቤት እገዛበታለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቤት ደላሎች ቢሮ እንዳጸዳሁ ታውቂያለሽ። ጠረጴዛቸውን ስወለውል ወረቀቱ ሁሉ ፊቴ ተዘርግቶ ነበር፤ የቤቱ ስፋት፣ ዋጋው፣ ሰውየው የሚሸጥበት ምክንያት። እኔ ግን አቧራውን ብቻ አነሳለሁ። አለቅየው «እሷ እንደሆነች አታነብም» እያለ ምስጢሩን ሁሉ ይዘረግፈው ነበር፤ ድመት ፊት ልብስ እንደሚቀይር ሰው። ጆሮ ግን ፊደል አይፈልግም። ሰዎቹ አንድ ቤት ገዝተው ያከራያሉ፤ ኪራዩ ተጠራቅሞ ሁለተኛውን ይገዛል፤ ሁለተኛው ሦስተኛውን ይጎትታል። በዚያው ዘመን እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ኪራይ ቤት ቀየርኩ፤ አልጋዬን አሥራ አንድ ጊዜ ፈታሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ገጠምኩ። የአልጋው ብሎን ከእኔ ቀድሞ ደከመ።

አሁን ሦስት ሥራ ቀርቦልኛል። ሥራ ይመርጠኝ ነበር እንጂ እኔ መርጬ አላውቅም፤ ራሴን አዞረኝ። አንደኛው ባንክ ቤት የጽዳት ሠራተኞች ኃላፊነት ነው፤ ደመወዙ ደህና ነው፣ የደንብ ልብስ ይሰጣሉ። ሁለተኛው እዚያው ደላሎቹ ጋ ነው፤ ማንበቤን ሰምተው «ፋይል አደራጂልን፤ ቤት በተሸጠ ቁጥር ላንቺም ጠብ ይልሻል» ብለዋል። ሦስተኛው የውሃ መሥሪያ ቤት ቆጣሪ አንባቢነት ነው፤ ደመወዙ ከሦስቱ ያነሰ፣ እግር የሚጨርስ።

ገንዘብ አትላኪልኝ። እስከ ዛሬ በሰው እጅ ባስጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ገንዘብ ስጠይቅሽ ኖሬአለሁ፤ ግማሹን ጸሐፊው ነው የጨመረው። ያጠራቀምኳት ጥቂት አለችኝ። አሁን የምፈልገው ምክር ነው። ቤት ሊገዛ ለተነሳ ሰው የትኛው ሥራ ይሻለዋል?

አክስትሽ


ጥቅምት 3

ለማከብርዎ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ ጉልበትዎንም ደረጃ ከሚበዛበት መንገድ ይሰውርልኝ።

ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አነበብኩትና ሁለት ፌርማታ አለፍኩ። የራስዎ እጅ ጽሑፍ! «ቤት እገዛበታለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ጮክ ብዬ ስስቅ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ደንግጦ ወንበሩን ለቀቀልኝ። አክስቴ፣ በእርስዎ አይደለም የሳቅኩት። እኔም ለማንም ሳልተነፍስ ሦስት ዓመት ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነው። በቤት ላይ ኢንቨስተር ስለ መሆን የተጻፈውን መጽሐፍ ሁሉ ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ጨርሻለሁ።

ባንኩን ይያዙ። ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ብድር ያገኛል፤ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚሉት እሱን ነው። ደላሎቹን ይተዉአቸው፤ ጠብ የሚለው ነገር እርስዎ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደርቃል። ውሃውንማ ጨርሶ ይርሱት። በዚህ ዕድሜዎ ፀሐይ ላይ ምን ሊሆኑ?

ደግሞ ብቻዎን አይግቡበት። ግማሽ በግማሽ እንሁን። እኔ እዚህ አገር ቤት እገዛለሁ ካልኩ የምገባበት በምርኩዝ ነው፤ እዚያ ግን በሁለታችን አቅም የሚሆን ይኖራል።

የእኔ ሥራ እንደ ነበረ ነው። ሰባተኛ ፎቅ፣ መስኮት ዳር፣ የሚሽከረከር ወንበር። አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል አሉ። የቤት ኪራዩ ግን ደመወዜን ገና ሳልቆጥረው ይውጠዋል።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 4

ይድረስ ለሽርካዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ሥራሽን ያቅናልሽ፤ ኪራይ የሚባለውን ጅብ ከደጅሽ ያርቅልሽ።

ምክርሽን አነበብኩ፣ አመሰገንኩ፣ አልተቀበልኩትም። ውሃውን ያዝኩ።

አትቆጪ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኩ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይቆልፍብኛል። ብድሩንም ሄጄ ጠየቅሁ፤ ጡረታ ደጇ ላይ ለቆመባት ሴት የሚሰጡት ብድር የቤት በር እንኳ አይገዛም። ደላሎቹ ጋ ብሄድ የሚደርሰኝ እነሱ አላምጠው የተፉት ቤት ነው። ቆጣሪ አንባቢ ግን በቀን ስልሳ ግቢ ይገባል፤ ያውም በሩን ከፍተው «ግቢ» እያሉት። ሌባ እንኳ አንድ ቤት ለማየት ሳምንት ይለፋል! ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ቀኑ የራሴ ነው።

ጠዋት የምንሰበሰበው ጠባብ ረጅም ክፍል ውስጥ ነው፤ ስድስት ወንዶችና እኔ። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ቆሜ ስለማነብ «የኔታ» ብለው አወጡልኝ። «የኔታ፣ ዛሬ ምን ይላል?» ይሉኛል። «ሰነፍ ደመወዝ የለውም ይላል» እላቸዋለሁ። እንዲህ አይልም።

ልጄ፣ ቤት እንዲህ ለፍላፊ መሆኑን አላውቅም ነበር! ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ ስንት ተከራይ እንዳለ ይናገራል። ወር ሙሉ ያልተነቃነቀ ቆጣሪ ባለቤቱ ሩቅ ነው ማለት ነው። አጥሩን ግማሽ ድረስ ቀብቶ የተወ ሰው ወይ ታሟል ወይ ልቡ ከዚያ ቤት ወጥቷል። ሰባት ቤት ለሽያጭ ደርሰዋል ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌአለሁ፤ ከአንዱ በቀር ባለቤቶቹ ገና ራሳቸው አላወቁም።

ያሳበደኝም ያው አንዱ ነው። ደረጃ ደረጃ ካለው መንገድ ጫፍ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው፤ ግቢው ጠባብ፣ ጣሪያው ደህና፣ በሩ የብረት። ባለቤቱ ሥራ ያቆመ ልብስ ሰፊ ነው፤ ልጁ ጋ ገብቶ ስለሚኖር ቤቱ ሁለት ዓመት ባዶ ነው። ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ ተልጧል። «ከሥሩ የመሬት ውሃ አለ» ብለው ሁለት ደላሎች ጥለውት ሄዱ። ዋጋው ከጎረቤቶቹ በግማሽ ወርዷል። ከእኔ በፊት የነበረው አንባቢ በሩ ሲቆለፍበት ቁጥሩን በግምት ይሞላ ነበር። እኔ በግምት አልሞላም። ፊት ለፊት ካለው ጫማ ሰፊ ቁልፉን ተቀብዬ ገባሁና የቆጣሪውን ክዳን አነሳሁ።

ቆጣሪው ላይ ውሃ ሲያልፍ የምትዞር ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች። ትዞራለች! ሰው የለም፤ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ አንድም የሚያንጠባጥብ የለም። እሷ ግን ትዞራለች። ገባሽ? የመሬት ውሃ የሚባል ነገር የለም። ከወለሉ ሥር አንድ ቧንቧ ተሰብሮ ሁለት ዓመት ግድግዳውን ሲያጠጣው ኖሯል። የአንድ ሳምንት ሥራ! ክዳኑን ስመልስ ጣቴ ላይ ጣልኩት። ይህን የምናውቀው አምላክ፣ እኔና አሁን ደግሞ አንቺ ነን።

እንግዲህ ምከሪኝ። የማስረክበው ወረቀት ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ «አስተያየት» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ የተጻፈ ነገር ከሂሳቡ ጋር ለባለቤቱ ይደርሳል። ወንዶቹ ሁልጊዜ ባዶ ይተዉታል። የማስረክበው በወሩ መጨረሻ ነው። ቶሎ መልሺልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 26

ለማከብርዎ አክስቴና ሽርካዬ፣

ደህና ነዎት ወይ? ጣትዎስ ዳነ? በጤና ያቆይልኝ። ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ቀይዋ ኮከብ በሐሳቤ ስትዞር ትውላለች። አክስቴ፣ እርስዎ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይበልጣሉ! ባንኩን ይያዙ ያልኩትን እንዳልተናገርኩ ይቁጠሩልኝ።

አስተያየቱን ግን ባዶ ይተዉት። ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ፤ ቁጥር ውሸት አይደለም። የሚሸጠውን ማወቅ የሻጭ ፋንታ ነው። ሌሎቹ አንባቢዎች ባዶ ከተዉት እርስዎ ቢተዉት ምን ጥፋት አለው? ቤቱን ከገዛን በኋላ ቧንቧውን እንጠግናለን፤ ማንም አይጎዳም። ከግማሽ ድርሻዬም በላይ መጨመር እችላለሁ። ከየት እንደመጣ አይጠይቁኝ፤ የተሰረቀ አይደለም።

ለወሬ ያህል ልጠይቅዎ፤ የእምነበረድ ደረጃ ላይ የቆየ እድፍ በምን ይለቃል? የወለል ማፍሰሻ ፀጉር ሲዘጋውስ? ጓደኛዬ ናት የጠየቀችኝ።

አድራሻዬ ተቀይሯል፤ ከታች ጽፌዋለሁ። «ምድር ቤት» የሚለው ስህተት አይደለም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

አምላክ ጤና ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ተናድጃለሁ፣ ደስ ብሎኛል፣ ሁለቱም ባንድ ቀን ስለሆነ አሞኛል።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ወረቀቱን ካስረከብኩ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ብቻዬን ወሰንኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ባዶ ልተወው ነበር። አልጋዬን በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደማዞር ሁሉ መርጬ ነበር። እርሳሱን ይዤ ቁጭ ስል ግን ያ ባዶ ቦታ አፈጠጠብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ፊቴ ዘርግተው፣ አለማወቄን አይተው ዝም ያሉኝን ሰዎች አስታወስኩ። አሁን አንባቢዋ እኔ፣ የማያውቀው ልብስ ሰፊው። ዝም ካልኩ አለቅየውን ሆንኩ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሰባት ዓመት የተማርኩት? ጻፍኩት። «ቤቱ ባዶ ነው። ቆጣሪው ይዞራል። ከወለሉ ሥር ቧንቧ ሳይሰበር አልቀረም። እርጥበቱ ከዚያ ነው።» ቦታው ጠቦኝ ጠርዙ ላይ ጨረስኩት።

ከአሥር ቀን በኋላ ልብስ ሰፊው ራሱ መሥሪያ ቤት መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል፤ ወረቀቷን ጥራቱን እንደሚፈትሸው ጨርቅ በሁለት ጣቱ ይዟታል።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ስህተት አለው?»

«የለውም። አስቆፍሬ አየሁት፤ ስብራቱ አውራ ጣቴን ያስገባል።» ሳይጋብዙት ተቀመጠ። «እኔ እኮ ይህን ቤት ባገኘሁት ዋጋ ልጥለው ነበር።»

«አውቃለሁ። ከእርስዎ የምገዛው እኔ ነበርኩ።»

መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደና አየኝ። «ልትገዢው እየፈለግሽ ነው ይህን የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ሞኝ ነሽ» አለኝ። «ሞኝ ደግሞ አያታልለኝም። ለሌላ አልሰጠውም፤ ላንቺ ነው የምሸጥልሽ።»

ደስታ ሊጥለኝ ሲል ዋጋውን ነገረኝ። የዋጋውን ሩብ ጨምሮበታል! «ምን ላድርግ፣ አሁን እኮ ደረቅ ቤት ነው» ይላል። ስድስቱ ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እውነቱን የነገርኩት እኔ፣ እውነቱን መልሶ የቸበቸበልኝ እሱ! ተከራከርኩ፣ ለመንኩ፣ ሰደብኩት፤ ንቅንቅ አላለም። እስከ ጥር መጨረሻ ይጠብቀናል። ከዚያ ካለፈ ለደላሎቹ ይሰጣል፤ አለቅየው ከወዲሁ ደውሎለታል። የእኔንም ያንቺንም ደምሬ አየሁት፤ አልሞላም።

አንዱ ነገር ይህ ነው። ሌላው ነገር አንቺ ነሽ።

እምነበረድ ሎሚም ኮምጣጤም አይወድም፤ ይበላዋል። ለስላሳ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አሟሙተሽ ጨርቅ ንከሪና እድፉ ላይ አሳድሪው። ማፍሰሻውን ሽቦ ጫፉን ቆልምመሽ ሳቢው፤ በእጅሽ አትንኪ። ይህ ለጓደኛሽ።

ላንቺ ደግሞ ይኸው። የሚሽከረከር ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለ ማፍሰሻ ፀጉር አያስብም። ይህን ከእኔ ልትደብቂ? ከእኔ? እኔ ጎንበስ ብዬ የኖርኩት ከቤተሰባችን አንድ ሰው እንኳ ቀና ብሎ እንዲሄድ ነበር። ምን ሆነሽ ነው? አባረሩሽ?

አክስትሽ


ጥር 8

ለውድ አክስቴ፣

ጤናዎን ይስጥልኝ፤ ቁጣዎንም ያብርድልኝ።

አላባረሩኝም። ለቀቅኩ። «ሌባ እንኳ አንድ ቤት ለማየት ሳምንት ይለፋል» የሚለውን ያነበብኩት ያ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ሦስት ዓመት ሲሽከረከር የኖረው ወንበሩ ነው፤ እኔ የትም አልሄድኩም። ከቢሮዬ ጀርባ ባለው ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ በር ላይ «ጠባቂና ጽዳት ይፈለጋል፤ ማደሪያ አለው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። በየቀኑ አልፈው ነበር። በዚያን ቀን ገባሁ።

ደመወዙ ከቢሮው ያነሰ ነው። ኪራይ ግን አልከፍልም! መስኮቴ ከፍ ብሎ የመንገድ ልክ ነው፤ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ አያለሁ፤ ማን እንደመጣ በጫማው መለየት ጀምሬአለሁ። በወር የማስቀምጠው ከበፊቱ ሦስት እጥፍ ሆኗል። ጣሪያው የሚያፈሰው የት እንደሆነ፣ ተከራይ ለምን እንደሚለቅ፣ ባለቤቷ ከቧንቧ ሠራተኛ ጋር እንዴት እንደምትከራከር አያለሁ። እርስዎን አይቼ ነው የመረጥኩት፤ ለእርስዎ ለመንገር ደግሞ ፈራሁ። በእርስዎ ሥራ አፍሬ አይደለም። ያዝናሉ ብዬ ነው።

የጎደለውን ሩብ እኔ እሞላዋለሁ። እቁብ ገብቼ ሳይሆን፣ ተበድሬም ሳይሆን፣ ከራሴ፤ ለድሮው ኪራይ ቤቴ አስይዤው የነበረው ገንዘብም ተመልሶልኛል። ገንዘቡ ተልኳል፤ የውክልናው ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። ስለ አስተያየቱ «ልክ ነበሩ» ለማለት ብዕሬን አነሳሁና ሩቡ ትዝ ሲለኝ አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው ዓመት እለዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ለአባቴ እርስዎ ይንገሩልኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩለት፣ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 3

ይድረስ ለባለ ቤቷ፣

ገዛነው! ጥር ሃያ ዘጠኝ፣ ቀነ ገደቡ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው። እጅሽን ይባርከው፤ ያን ሽቦ የያዘውን እጅሽን።

ወለሉ ተደፍኗል። ግድግዳው እየደረቀ ነው፤ በየቀኑ መዳፌን አስደግፌ አየዋለሁ፤ ጫማ ሰፊው «ትኩሳቱን እየለካሽው ነው?» ይለኛል። በአንዱ ክፍል እኔ እገባለሁ፤ ሁለቱን እናከራያለን። ሁለት ሰው መጥቶ አይቷል፤ አንደኛዋ ነርስ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ ለእሷ እሰጣለሁ። ደብተሬ ላይ ደግሞ ገና ስድስት ቤት አለ! ልብሽን አትጣይ፤ ኪራዩን አንነካውም፤ ይጠራቀማል።

የውሉን ቀን ልንገርሽ። ምስክር ስለሚያስፈልግ አባትሽን ጠራሁት። ስላንቺ አልነገርኩትም ነበር፤ ሦስት ጊዜ ቤቱ ሄጄ ሦስቴም ስለ ጉልበቴ አውርቼ ተመለስኩ። ክራቫት አስሮ መጣ። ልብስ ሰፊው ክራቫቱን አይቶ ስፌቱን ናቀበት። የውል ጸሐፊዋ ቁጣ ቁጣ የሚላት ልጅ እግር ናት።

«የገዢዎች ሥራ?» አለች።

«አንደኛዋ ቆጣሪ አንባቢ» አልኳት።

«ሁለተኛዋ?»

አባትሽ ቀደመኝ። «የቢሮ ሠራተኛ ናት። ውጭ አገር። ሰባተኛ ፎቅ።»

«ፎቁ አይጻፍም» አለች።

«ቢሮውም አይጻፍ» አልኩ። «የሕንፃ ጥበቃና ጽዳት ብለሽ ጻፊ።»

አባትሽ ክርኔን ያዘኝ። «እቴቴ፣ ምን እያልሽ ነው? ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። ደረጃ ታጥባለች፣ ማፍሰሻ ትጠርጋለች። ይህን ቤት የገዛው መጥረጊያ ነው፤ ውሉ ላይ እሱ ይግባ።»

«የእኔ ልጅ? ማን አስገደዳት?»

«ማንም። ራሷ መረጠች። አንተና እኔ ሥራ መርጠን እናውቃለን?»

«ሞኝነቱ በዘር ነው ለካ» አለ ልብስ ሰፊው።

ጸሐፊዋ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አቁማ «ልጻፍ ወይስ አልጻፍ? ሰው ቆሟል» አለች። አባትሽ ክራቫቱን ላላ አደረገው። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ የሚጮህብኝ መሰለኝ። ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ ግን «ጻፊ» አላት። ከዚያ ምስክር ቦታ ላይ ፈረመ። እኔ ስሜን ሙሉውን፣ ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ወረፋው ሲያጉረመርም ቀስ ብዬ ጨረስኩት።

ወጥተን ግማሽ መንገድ ሄድን። ከዚያ ወደ መሬት እያየ «ስንት ፎቅ ነው የምትጠብቀው?» አለኝ።

«ስድስት።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

መታጠፊያው ላይ አንድ የሚያውቀው ሰው አገኘንና ክራቫቱን አይቶ «ምን ተገኘ?» አለው። «ቤት ገዝተን» አለ አባትሽ። ሰውየው «ያቺ ቢሮ ያለችው ልጅህ ናታ የገዛችው!» አለ። አባትሽ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሕንፃ ትጠብቃለች» አለው። «ስድስት ፎቅ። ደረጃውን ሁሉ የምታጥበው ራሷ ናት።»

ይህን ሲል ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

አክስትሽ